የተፋቀው ገጽ

በብራና ላይ መጻሕፍት የሚጽፍ አንድ ቁም ጸሐፊ ነበረ። «የታመመው ታላቁ ልጄ ነው፤ ደህና የሆነችውን ታናሺቱን ሐኪም ምን ሆነች ብሎ ትመርመር ይላል?» ብለሽ ጠይቀሽኛልና፣ ወለተ ኪዳን፣ የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ፊደሉ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነበር። በሠላሳ ዓመቱ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስመሩ ሲጎብጥበት በቢላዋ ይፍቃል፤ ይጽፋል፤ ደግሞ ይፍቃል። ምላሱም ይተሳሰር ጀመር። ጎረቤት መች አፉ ያርፋል፣ «አረቄ ነው» አሉት። ጠላ እንኳ የማይቀምሰውን ሰው! እሱም አፍሮ ዓመት ሙሉ ደበቀ።

በኋላ ጉርሻው ከአፉ ሳይደርስ ሲበተንበት፣ ጥጥ ፈታይዋ ታናሽ እህቱ ደግፋ ከተማ ሆስፒታል አደረሰችው። ደሙንና ሽንቱን መረመሩ፤ ጭንቅላቱንም በትልቅ መሣሪያ አነሡት። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥታ አሳየችው።

«ይኸውልህ፣ አንጎልህ እዚህ ጋ ተጎድቷል። ከምግብ የምናገኘው መዳብ ካንተ በደንብ አይወጣም፤ ጉበትህን ሞልቶ ወደ ላይ ዘልቋል። መድኃኒት አለው። ግን ከእናትና ካባት የሚወረስ ነውና እህትህም ትመርመር።»

እህቱ ሳቀች። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር! እኔ ምን ሆኜ?»

ጸሐፊው የእጁን ነገር ለሐኪም ሊያሳይበት ያመጣውን የብራና ገጽ አወጣና ከፊልሙ ጎን ለብርሃን ያዘው። ላይ ላዩን ንጹሕ የነበረው ገጽ፣ ብርሃን ሲያልፍበት የተፋቀው ሁሉ ሳስቶ ወለል ብሎ ታየ።

«ዓመት ሙሉ የደበቅሁት ይኸው» አላት። «እጅሽ እንደ እጄ እስኪሆን አትጠብቂ፣ እቴ።»

ተመረመረች። መዳቡ በጉበቷ ተገኘ፤ አንጎሏን ገና አልነካም ነበር።

ዛሬ ሁለቱም መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። የሱ ፊደል ትንሽ ይጎብጣል እንጂ ይነበባል። የሷ ፈትል ግን ያው እንደ ጥንቱ ቀጭን ነው። እንዝርቷ ሲሾር ባየ ቁጥር «ተመስገን» ይላል። «በእኔ እጅ መንቀጥቀጥ የሷ እጅ ጸና፤ ተመስገን።»

እንግዲህ ወለተ ኪዳን፣ ጸሐፊው ታላቁ ልጅሽ ነው፤ እህቱም ታናሺቱ ልጅሽ ናት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መኖሩን ያላወቀውስ? ነገ ይዘሻት ሂጂ፤ ብራናውን ወደ ብርሃን አንሺው። ንጹሕ ቢሆን ታመሰግኛለሽ፤ ሳስቶም ብታገኚው፣ ሳይቀደድ ስላየሽው ታመሰግኛለሽ። ከሁለቱ ምስጋና አንዱን ይዘሽልኝ ነይ፤ እኔም አብሬሽ አመሰግናለሁ።