ጋቢው አይወርድ፣ መስኮቱ አይዘጋ

ካ! ካ! ካ! ቆዩኝ እስቲ፣ ሆዴን ልያዝ! ገና ሳልጀምረው እኔው ቀድሜ ሳቅኩት። ምን ላድርግ፣ ወይዘሮ አስካለ መጨረሻ ላይ ያሉት ነገር ትዝ ሲለኝ አላስችል ይለኛል። ዋናው ጨዋታ እሱ ነው፤ አሁን ግን አልነግራችሁም፣ አትጎትጉቱኝ። መጀመሪያ «ተረት ተረት» ልበላችሁ፤ እናንተ «የመስኮት ምሬት» በሉኝ።

አላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

የፈለግኩት አንዲት ትንሽ ነገር ናት፤ መስኮት እንዲዘጋልኝ። በቃ! ወርቅ አልጠየቅኩ፣ ፎቅ አልጠየቅኩ።

ትርሲትን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በልጅነቷ ትታልኝ ነው የሄደችው። አድጋ፣ ተድራ፣ ይኸው ባለፈው ማርያም ማረቻት፤ ወንድ ልጅ! እልልል! የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚታረሰው በሴቷ ወገን ቤት ነው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም ያደገችበት ክፍል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩላት። ታዲያ የዚያ ክፍል መስኮት፣ ያ ወደ ጎን የሚንሸራተተው አሮጌ መስኮት፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና «አልዘጋም» አለ። ስገፋው አይሄድ፣ ስስበው አይመጣ። የደብረ ብርሃንን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ሳያንኳኳ ገብቶ አጥንት ውስጥ የሚቀመጥ ነው። አራስን እንዲህ ያለ ነፋስ ከመታት አለቀላት!

የትርሲት አማት ወይዘሮ አስካለ ቤቱን ሊያዩ ቀድመው መጡ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ክፍሉን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ደብሪቱ፣ ይሄ ቤት ነው አውድማ?»

«ኧረ ቤት ነው፣ እትዬ አስካለ!»

«የልጅ ልጄ አውድማ ላይ አያድርም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ይሄ መስኮት ካልተዘጋ፣ አራሷን ይዤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።» ይህን ብለው ሳሎን ሄደው ቁጭ አሉ። ጋቢው እንደሆነ ከአፍንጫቸው ንቅንቅ አላለም።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። ትርሲት ናት፣ ከሆስፒታል።

«እቴቴ፣ ተዘጋ?»

«ሊዘጋ ነው የኔ ዓለም!»

«እቴቴ ሙች፣ እሳቸው ቤት እንዳትሰጪኝ። እዚያ ሳስነጥስ እንኳ አስፈቅጄ ነው።»

ሮጥኩ። ሰይፈ ጋ ሮጥኩ፤ ሰይፈ ባለ አልሙኒየሙ ነው፣ አዲሱን መስኮት ሠርቶ ግቢዬ ውስጥ ግንብ ላይ አስደግፎታል።

«ሰይፈ፣ ያንን አሮጌ ንቀልልኝና አዲሱን ግጠምልኝ!»

«አልነቅልም፣ እትዬ ደብሪቱ።»

«ለምን?»

«ቁም ሳጥኑ መስኮቱ ሥር ተገትሯል። የት ቆሜ ልንቀል? ጭንቅላቱ ላይ ልውጣ?»

ይኸውላችሁ! ሰይፈ አይነቅል፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ትርሲት አትመጣ!

ሮጥኩ። ቁም ሳጥኑ ጋ ሮጥኩ። የእህቴ የሰርግ ዕቃ ነው፣ ዋንዛ፣ ዝሆን የሚያህል። «ተነስ!» አልኩት። «አልነሳም» አለኝ። በአፉ አይደለም፣ በእግሩ ነው ያለኝ። እኔና ሰይፈ ትከሻችንን ሰጥተን ገፋነው፤ «ሲጥ» ብሎ አላገጠብንና ዝም አለ። ድሮ በጀርባው አዝሎ ያስገባው ጎረቤቴ ዳምጠው ነው፤ ዳምጠው ካልመጣ የማንንም ትከሻ አያውቅም።

ስለዚህ ቁም ሳጥኑ አይነሳ፣ ሰይፈ አይነቅል፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ትርሲት አትመጣ!

ሮጥኩ። ዳምጠው ጋ ሮጥኩ። ሩቅ አልሄድኩም፤ ዳምጠው እዚያው ግቢዬ ውስጥ ነው። ግን እንዴት ያለ ዳምጠው! እግሩን አንፈራጦ፣ ላቡን አንጠፍጥፎ፣ ሁለት እጁን ከአንድ በግ ቀንድ ጋር አጣብቆ።

«ዳምጠው፣ ና ቁም ሳጥን አንሳልኝ!»

«አልላቀቅም፣ እትዬ! ይሄን በግ ብለቀው ጉድ ይፈላል!»

በጉ ወይዘሮ አስካለ ለክርስትናው ብለው ያመጡት የመንዝ አውራ በግ ነው። ቀንዱ እንደ ጥምጥም የተጠቀለለ፣ ዓይኑ የቂመኛ ዓይን። ከመኪና እንደወረደ ግንቡ ላይ የተደገፈውን አዲሱን መስኮት ያያል። መስታወቱ ደግሞ ያ ከውጭ የቆመን ሁሉ መልኩን የሚያሳየው ዓይነት ነው። በጉ ምን አየ? በግ አየ! ቀንዱ የተጠቀለለ፣ ዓይኑ የቂመኛ!

«ታዲያ እሰረው!»

«አስሬው ነበር። ይኸው ገመዱን በጥሶ እንደ ክራቫት አንጠልጥሎታል።»

«ደጅ አውጣዋ!»

«መንገድ ላይ? የቆመ መኪና ሁሉ መስታወት አይደል ወይ፣ እትዬ! ማንን ላስከፍል ነው?»

ከሳሎን የወይዘሮ አስካለ ድምፅ መጣ፤ «በጌን እንዳትነኩት!»

እንግዲህ ዳምጠው አይላቀቅ፣ ቁም ሳጥኑ አይነሳ፣ ሰይፈ አይነቅል፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ትርሲት አትመጣ!

በጉን ለመንኩት። ምን አፍራለሁ! «አንተ በግ፣ የሰው ልጅ ቤት አጥቶ ነው፣ እባክህ ዕረፍ!» አልኩት። በጉ በአፍንጫው «ፉፍ!» አለኝ፤ ሲተረጎም «ያንን ባለጌ ሳልወጋ አላርፍም» ማለቱ ነው። ከመስታወቱ ውስጥ ያለውም በግ «ፉፍ!» አለው።

በጉ አያርፍ፣ ዳምጠው አይላቀቅ፣ ቁም ሳጥኑ አይነሳ፣ ሰይፈ አይነቅል፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ትርሲት አትመጣ!

ወደ መስታወቱ ዞርኩ። «ሰይፈ፣ ይሄን መስታወት ከዚህ አንሳው!»

«መስታወቱን የያዘው ማጣበቂያ፣ ሲልኮኑ፣ ገና አልደረቀም እትዬ፤ አሁን ካንገላታሁት ይላቀቃል። ከሸፈኑት ግን በጉም ይረሳዋል።»

መሸፈን! ቀላል ነገር! ነጠላዬን ገፍፌ ጣል አደረግኩበት። ነጠላ ደግሞ ስስ ነው፤ በጉ በነጠላው ውስጥ ያንን ባላንጣውን ፍንትው አድርጎ አየው። ዳምጠውን እየጎተተ ሄዶ ነጠላዬን በቀንዱ ሰቅሎ ግቢውን ዞረበት። ነጠላ ለብሶ ሊስቅብኝ! ካርቶን አመጣሁ፤ ካርቶኑን በላው። አንሶላ ብዬ ገባሁ፤ ለአራሷ ብዬ አንሶላውንም ብርድ ልብሱንም አንድም ሳላስቀር አጥቤ ኖሮ ሁሉም ውሃ ነው፤ «እርጥብ ነገር ሲልኮኔ ላይ እንዳይደርስ!» ብሎ ሰይፈ ጮኸ።

ወፍራም፣ ደረቅ፣ ሰፊ ጨርቅ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ቀረ። የት እንዳለ አወቃችሁ።

ሮጥኩ። ሳሎን ሮጥኩ። ጎንበስ አልኩ፣ ጉልበት ያዝኩ።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎ፣ ጋቢዎን ለአንድ አፍታ ያውሱኝ።»

«ጋቢዬን? ነፋሱ እንዲህ እየተጫወተ?» ከጋቢው ውስጥ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። «ብርድ ይምታኝ? የልጅ ልጄን ሳልስም ልሙትልሽ?»

«መስኮቱ እንዲዘጋ ነው እኮ!»

«እሱማ ይዘጋና ከዚያ አወልቃለሁ።»

«ጋቢው ካልወረደ አይዘጋም እኮ!»

«ካልተዘጋ አይወርድም!»

አያችሁልኝ? ዞሮ ዞሮ እዚያው! መስኮቱ ካልተዘጋ ጋቢው አይወርድ፤ ጋቢው ካልወረደ መስታወቱ አይሸፈን፣ በጉ አያርፍ፣ ዳምጠው አይላቀቅ፣ ቁም ሳጥኑ አይነሳ፣ ሰይፈ አይነቅል፣ መስኮቱ አይዘጋ፣ ትርሲት አትመጣ!

ስልኬ ጮኸ።

«እቴቴ፣ ተዘጋ? አስወጥተውናል፣ መኪናው ተነሥቷል። ባሌ በየትኛው መንገድ ልታጠፍ እያለኝ ነው። ወዳንቺ ነው ወደ እናቱ?»

ፀሐይዋን አየሁ፤ ልታዘቀዝቅ ነው። የልጄን አልጋ አየሁ፤ ነፋሱ ትራሱ ላይ ቁጭ ብሏል። እንባዬ መጣ። እንባዬን ልጠርግ ነጠላዬን ፈለግኩ፣ ነጠላዬ በጉ ላይ ነው። ያኔ ከማድ ቤት የገንፎው ሽታ መጣና አፍንጫዬን መታኝ።

ገንፎ! የአራስ ቤት የማርያም ገንፎ! እዚያ ቤት የገባ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ አልቀምስም አይልም።

«ወደኔ በይው፣ ቀስ ብሎ ይንዳ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ ማድ ቤት በረርኩ። ገንፎውን ከምድጃው እያጨሰ ቆለልኩት፣ መሐሉን አጎደጎድኩት፣ ቅቤውን ሞላሁት፣ በርበሬውን ነሰነስኩ። በርበሬው ላይ ሚጥሚጣ ጨመርኩ። ሚጥሚጣው ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ ጨመርኩ።

«እትዬ አስካለ፣ የማርያም ነው።»

«አይ ደብሪቱ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«የማርያምን?»

ከጋቢው ውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለ።

አንዴ ጎረሱ፤ አፍንጫቸው ወጣ። ደገሙ፤ አገጫቸው ወጣ። ሠለሱ፤ ጆሯቸው ወጣ፣ ቀይ ሆኖ። «ውይ! ይሄ ነገር ያቃጥላል!» ይላሉ፤ ይጎርሳሉ። «ምን ጨምረሽበት ነው?» ይላሉ፤ ይጎርሳሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ እንደ ጤዛ ችፍ አለ፣ ጤዛው ወንዝ ሆኖ ወረደ። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ኳስ እንደሚጠብቅ በረኛ።

«ኡፍፍፍ!» አሉና ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ወረደ! መሬት ሳይነካ ቀለብኩት!

ጋቢው ወረደ፣ መስታወቱ ተሸፈነ! በጉ ቢያይ በግ የለም፤ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ «ፈርቶ ሄደ» ብሎ ኮራና ተኛ። በጉ ዐረፈ፣ ዳምጠው ተላቀቀ! ዳምጠው እጁን አራግፎ ገባና ቁም ሳጥኑን «እሺ፣ አንተ ሽማግሌ» ብሎ አቀፈው። ቁም ሳጥኑ ተነሳ፣ ሰይፈ ነቀለ!

ሲነቅል ደግሞ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? መስኮቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ጨርቅ! የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ፣ የትርሲት የልጅነት ካልሲ፣ ጥጥ፣ ፌስታል። ብርድ እንዳይገባ ብለን በየክረምቱ እኔም ስጠቀጥቅ፣ እሷም ስትጠቀጥቅ፣ እንግዳም ሲጠቀጥቅ የከረመ ነው።

ሰይፈ ካልሲዋን በጣቱ አንጠልጥሎ አየኝ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ነፋስ እንዳይገባ የጠቀጠቃችሁት ነው ለነፋስ በር ይዞ የቆመለት።»

«አንተ ዝም ብለህ ግጠም!»

አዲሱ መስኮት፣ ሲልኮኑ እስከዚያ ደርቆለት፣ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ እንደ ሙሽራ፣ በበጉ አጠገብ አለፈ። በጉ ቀና ብሎ እንኳ አላየው። ገባ፣ ተገጠመ። በአንዲት ጣቴ ገፋሁት፤ ሽው ብሎ ሄዶ «ቀጭ» አለ።

መስኮቱ ተዘጋ፣ ትርሲት መጣች! ከመኪናው ወርዳ፣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ በሩ ላይ ቆም አለች። ነፋስ ፈልጋ ጉንጯን ወዲያ ወዲህ አደረገች። ነፋስ የለም። ምንም ሳትል ገብታ ያደገችበት ክፍል አልጋዋ ላይ ወጣችና «እፎይ፣ ቤቴ» አለች። እኔ እንግዲህ እልል ልበል ወይስ ላልቅስ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኩት።

ሰው ሁሉ ተከትሏት ገባ። ዳምጠው ገባ፣ ሰይፈ ገባ፣ ባልየው ገባ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጎረቤት ሁሉ ገባ፣ ገንፎው እያጨሰ ገባ። በሩ ተዘጋ፣ መስኮቱ ተዘጋ። ወይዘሮ አስካለ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው አዲሱ መስኮት ሥር ተቀመጡ። እኔም ጋቢያቸውን አራግፌ፣ አጥፌ፣ በክብር አመጣሁና ትከሻቸው ላይ ላደርግላቸው ስል በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ። ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል። በነጠላቸው ጫፍ አንገታቸውን አራገቡ፣ ሕፃኑን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እንዲህም አሉ፤

«ኧረ ደብሪቱ፣ ታፈንን እኮ! እስቲ ያንን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጊው።»