ጀሪካን ይዛችሁ ለቅሶ ኑ

አንድ ሰው ነበረ፣ ወገኖቼ። ጎማ የሚጠግን ሰው። የረጅም መንገድ መኪና ለምሳ በሚቆምባት አንዲት ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት ነበረው። ለመናገር እንዲመቸኝ ቢራራ ልበለው።

ቢራራ ሌባ ነበር? አልነበረም። ሰካራም ነበር? እሱም አልነበረም። ታዲያ ምን ነበር? ቀልደኛ! አንድ እጁ ጎማ ላይ፣ አንድ እጁ ስልክ ላይ። መንፊያው እየጮኸ እሱ ይጽፋል። ጽፎ ፌስቡክ ላይ ይለቅቃል፤ ከተማው ይስቃል።

እንዲህ ያለ ሰው እኛም ዘንድ አለ። ባለፈው ዓመት እኔ ስሰብክ የአንዱን ነቢይ ስም በሌላው ስለቀየርኩ፣ ያቺን ብቻ ከቪዲዮው ቆርጦ፣ ከሥሯ የአህያ ድምፅ አስገብቶ የለቀቀ ሰው በመካከላችን ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ብዬም አልጠቁምም። ይቅር ብየዋለሁ። ወደ ቢራራ እንመለስ።

በዚያች ከተማ በጋው በረታና ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ነፋስ ብቻ ይተፋ ጀመር። አቶ እንግዳወርቅ የሚባሉ ባለወፍጮ ግን ግቢያቸው ውስጥ ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነበራቸው። መኪናቸውን በየቀኑ ያሳጥቡበታል፤ የታጠበበት ውሃ በአጥሩ ሥር ወጥቶ መንገዱን ያጨቀያል። ለጎረቤት ግን? ቆለፉት። «ዛሬ ለአንዱ ብሰጥ ነገ ከተማው በሙሉ በሬ ላይ ይሰለፋል» አሉ።

ይህን መናገር ኃጢአት ነው? አይደለም! ሀብታም ውሃ ሲቆልፍ ዝም ካልን፣ አፍ የተሰጠን ለመብላት ብቻ ነው ወይ? ቢራራ ይህንኑ ጽፎ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ ስሙን በምስጋና ባነሳሁት ነበር።

ግን ቀልደኛ ሰው ማቆሚያው የት እንደሆነ አያውቅማ።

የከተማው ዕድር ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ያስነፋ ነበር። አሁን ዘምኗል። የሟቹን ፎቶ በሁለት ሻማ መካከል አድርጎ፣ ከላዩ «የቀብር ጥሪ» ብሎ በስልክ ይልካል። ቢራራ ምን አደረገ? የአቶ እንግዳወርቅን ፎቶ ፈልጎ በሁለት ሻማ መካከል አስገባው። ከላዩ «የቀብር ጥሪ» አለበት። ከታች ደግሞ እንዲህ ጻፈ፦

«የአቶ እንግዳወርቅ ልብ ከሞተ ቆይቷል። ሥጋቸው ግን ወፍጮ ቤት ሥራ ላይ ስለሆነ ቀብሩ ዘግይቷል። ለቅሶ የምትደርሱ ሁሉ ጀሪካን ይዛችሁ ኑ።»

ሳቃችሁ። አየኋችሁ። ሽማግሌዎቹም ሳቃችሁ።

ነገር ግን ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ፎቶውና ሻማው ነው። የቀረውን ለማንበብ «ተጨማሪ» የሚለውን መጫን አለባችሁ። ማን ይጫናል? እናንተ ትጫናላችሁ? እኛ እንደሆንን ፎቶና ሻማ ካየን በቃን፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንነሳለን!

እንደዚያው ሆነ። እስከ ታች ያላነበቡት የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው መጡ። እስከ ታች ያነበቡት ደግሞ ጀሪካን ይዘው መጡ።

አቶ እንግዳወርቅ ከወፍጮ ቤት ለምሳ ሲመለሱ በራቸው ላይ ድንኳን ይተከላል። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማን ነው? ማን ሞተብኝ? ንገሩኝ እንጂ!»

የዕድሩ ሰብሳቢ ካስማ በእጁ እንደያዘ ቀና አለ። አያቸው።

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» አለ።

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«እንግዲህ… አረፉ ተብሎ…»

«አርፌ ነው ጠዋቱን ሙሉ ጤፍ ሳስፈጭ የዋልኩት?»

ይሄኔ ከኋላ ጀሪካን የያዘች አንዲት ሴት፣ «ከመጣን አይቀር ውሃውን ይልቀቁልን ጋሼ፣ ለነፍስዎም ይሆናል» አለች።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም አብረን ነን። አሁን ግን አንዲት ሴት ትመጣለች።

አቶ እንግዳወርቅ ገጠር የሚኖሩ ታላቅ እህት አሏቸው፤ እታለም ደብሪቱ ይባላሉ። እናታቸው ሲሞቱ ጡት ያልጣለ ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስልክ የላቸውም፣ ማንበብም አይችሉም። ፎቶውን ያየ ጎረቤት ሮጦ መጥቶ መርዶ ነገራቸው። እታለም ደብሪቱ ምን አደረጉ? የአገራቸው ሴት የምታደርገውን አደረጉ። ፀጉራቸውን ተላጩ። ፊታቸውን ነጩ። እህል በጫነ መኪና ላይ ተሳፍረው መንገዱን ሙሉ እያለቀሱ መጡ።

ሲደርሱ ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። ጀሪካን የያዘው ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። በመካከሉ ሞተ የተባለው ወንድማቸው ቆሞ ይሳደባል። እታለም ደብሪቱ አዩትና ወደቁ።

ያን ዕለት የግቢው በር ተከፈተ። ፊታቸው ላይ የሚረጭ ውሃ ለማምጣት። ከዚያ ተመልሶ ተቆለፈ።

ማግስቱን ፖሊስ ጎሚስታ ቤቱ መጣ። ቢራራ ተከሰሰ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዘች ሚስቱ የጎሚስታ ቤቱን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ፍርድ ቤት ተመላለሰች። ቢፈረድበት የሚወለደውን ልጅ የሚያየው በእስር ቤት አጥር በኩል ነው።

ያ ሁሉ የሳቀ ሰው የት ሄደ? ያ ሁሉ ሲቀባበለው የዋለ ሰው? አንዱ «ስልኬ ተበላሽቶ ነበር» አለ። ሌላው «እኔ አላጋራሁም፣ ጣቴ ነክቶት ነው» አለ። ጣቱን ብቻውን ይክሰሱት እንግዲህ! ይህን ጠባይ አውቀዋለሁ። የአህያዋን ድምፅ ከሰማችሁ በኋላ እኔን በር ላይ ስትጨብጡኝ ሁላችሁም ምንም አላያችሁም ነበር።

በቀጠሮው ቀን ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ «ይህ ሰው ለሌላው መቀጣጫ መሆን አለበት» አለ።

ቢራራም ተነሳ። «ክብርት ዳኛ፣ ቀልድ ነው። ሰውየው ውሃ ቆልፈዋል። መናገር መብቴ ነው።»

ዳኛዋ ወጣት ናት፣ የተማረች። ግን ሌላውን ለማሳነስ ከተማሩት ወገን አይደለችም፤ እንደዚያ ያሉትን ከዚህ መድረክ ላይ አይቻለሁ። «ስለ ውሃው ማን ጠየቀህ?» አለችው። «ስለ ውሃው ነገም ጻፍ፣ ከነገ ወዲያም ጻፍ። ሻማው ለምን አስፈለገ?»



እታለም ደብሪቱ ለምስክርነት ተጠሩ። ቆሙና ሻሻቸውን ፈቱት። የተላጨ ራሳቸው፣ ቁስሉ ያልደረቀ ጉንጫቸው።

«ልጄ፣ ቀልድ ነው አሉኝ» አሉት። «እኔ አላነብም። እስቲ በአፍህ ንገረኝና እኔም ልሳቅ።»

ቢራራ አፉን ከፈተ። «አቶ እንግዳወርቅ…» አለ። ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የአቶ እንግዳወርቅ…» አለ። መናኸሪያውን በሙሉ ሲያስቅ የሚውል ሰው እኮ ነው! ላብ አጠመቀው።

«አልችልም፣ እታለም» አለ።

«ስልኩ ላይ እንዴት ቻልክ?»

«ስልኩ ላይ እርስዎ አልነበሩማ።»

ወገኖቼ፣ ይህን ሰማችሁ? እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ይህንንም ስታነሱብኝ ኖራችኋል። ግን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የት አለ? ስልኩ ላይ እርስዎ አልነበሩም!

አቶ እንግዳወርቅ ይሄኔ ፈገግ አሉ፤ ያሸነፉ መሰላቸው። እህታቸው ዞረው አዩዋቸው።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? ሞተ ብዬ ስመጣ ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አጣሁ። አንድ ሰው፣ ወንድሜ! ብቻዬን ነው ያለቀስኩልህ። ይህን ልጅ ብታሳስረው ሌላ ቀን የሚያለቅስልህ ሰው ይመጣል?»

የአቶ እንግዳወርቅ ፈገግታ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ዳኛዋ «ክሱ የመጣው በግል አቤቱታ ነው፤ ከታረቃችሁ ይዘጋል» ብላ ቀጠሮ ሰጠች። ሽማግሌ ተቀመጠ። አቶ እንግዳወርቅ «ይታሰርልኝ» ብለው ድርቅ አሉ። እህታቸው «ፀጉሩ የኔ ነው፣ ካሣውንም የምቆርጠው እኔ ነኝ» አሉ። ካሣው ምን መሰላችሁ? «አገሬው ወንድሜ ሞቷል ብሎ አዝኗል። ይህ ልጅ ራሱ መጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ፣ በአፉ አልሞቱም ይበል።»

ቢራራ ሄደ። ገጠሬው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመ። «አቶ እንግዳወርቅ አልሞቱም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ፣ በስልክ» አለ።

አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ፣ «አንተ ነህ ሰው በስልክ የምትገድለው? እባክህ የኔን አማት ሞክርልኝ!» አሉት።

አማታቸው እዚያው ተቀምጠው ነበር። «ይሞክራ! እሱ ሲገድል ሰው ይወፍራል እንጂ አይሞትም!» አሉ።

ሳቁ መንደሩን አናጋው። እታለም ደብሪቱም ሳቁ። ልብ በሉ፤ ይህም ስለ ሞት የተቀለደ ቀልድ ነው! ግን አማትየዋ እዚያው ነበሩ። ሰምተዋል፣ መልሰዋልም። አያችሁ ልዩነቱን?

ክሱ ተዘጋ። ቢራራ ልጁን ሚስቱ በወለደች ዕለት አቀፈ። አቶ እንግዳወርቅም አፍረው ይሁን ተናደው እንጃ፣ ከአጥራቸው ውጭ ቧንቧ አወጡ። እኔ ግድ የለኝም፤ ውሃው በኩራትም ቢመጣ ጥም ይቆርጣል።

ከዚያ በኋላ እታለም ደብሪቱ አራስ ሊጠይቁ ወደ ከተማ መጡ። ቢራራ ስልኩን ይዞ አጠገባቸው ተቀመጠ። «እታለም፣ አንድ ነገር ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ለእርስዎ ላንብብ» አለ። አነበበው፦

«የቀብር ጥሪው ተሰርዟል። የአቶ እንግዳወርቅ ልብ ነፍስ ዘርቷል። ጀሪካኑን ግን ይዛችሁ ኑ።»

እታለም ደብሪቱ ሻሻቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ከሻሹ ሥር አዲስ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

«ሻማ አለበት?» አሉ።

«የለበትም።»

«በል ልቀቀው።»

እንግዲህ እናንተስ? የፕሮግራም ኮሚቴው ሰዓት እያሳየኝ ነው። ለእንግዳ ሰባኪ የማይሄድ ሰዓት ለእኔ ሲሆን ይሮጣል። ግድ የለም፣ እጨርሳለሁ።

ስልካችሁ በኪሳችሁ ነው። ለመልቀቅ ያዘጋጃችሁት ነገር አለ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሹም፣ ስለ ዘመድ። ዝም በሉ አላልኳችሁም! ውሃ የቆለፈ ካለ ተናገሩ። ግን ከመልቀቃችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ የምትጽፉበት ሰው አጠገባችሁ እንደተቀመጠ፣ እህቱም አብራው እንዳለች አድርጋችሁ አንብቡት። አንደበታችሁ እንደ ቢራራ ከተያዘ፣ ፍርድ ቤቱ እዚያው ነው፤ ፍርዱም እዚያው አለቀ። አጥፉት።

እናንተም «ይታሰርልኝ» የምትሉ፤ እኔንም «ያንን ልጅ ክሰሰው» ብላችሁ ስትመክሩኝ የከረማችሁ። አስቤበት ነበር። እውነቴን ነው፣ አስቤበት ነበር። ግን ልጁ ቢታሰር የነቢዩ ስም ይስተካከልልኛል? አሁን ስሙን ለይቼ ይዣለሁ፤ ለዚህም አህያዋ አስተዋጽኦ አድርጋለች።

ስለዚህ ዛሬም የቀረጽከኝ ልጅ፣ መቅረጽህን አይቻለሁ። ስልክህን ወደ ጉልበትህ ዝቅ ብታደርገውም አይቻለሁ። ስንወጣ በር ላይ እቆማለሁ። ና፣ አጠገቤ ቁምና አሳየኝ፤ አህያዋንም ጨምር። ዓይኔን እያየህ መክፈት ከቻልክ፣ እኔም ከሳቅሁ፣ ልቀቀው።