ሁለተኛው ድስት

ቲቸር፣ በመጀመሪያ የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ እጠይቃለሁ። የፊደል ስህተትም አይጠፋም፤ ስምንተኛን ያለፍኩት እንደ ምንም ነው። ባለፈው ሳምንት ካርድ ልወስድ ስመጣ፣ «ሞሚና፣ እናንተ ከአፋር የመጣችሁ ልጆች ክፍል ውስጥ ለምንድን ነው ዝም የምትሉት? እኔ እንደሆነ ሁላችሁንም እኩል ነው የማየው» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል መሬት መሬቱን አየሁ። መልሴ ይኸውና።

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ሙስሊም ነበረ። ከጎረቤቶቹ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያ አገር አንዱ ወገን ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ የሚደግስ ሰው ሁሉ ለሌላው ወገን ለብቻ ያሳርዳል፣ በሌላ ድስት ያሠራል፤ ሁሉም በልቶ ተመራርቆ ይለያያል።

ይህ ሀብታም ግን ሁለተኛውን ድስት ተወው። ሁለት ድስት ሰውን መለያየት ነው፣ እኔ ቤት ሁሉም እኩል ነው ይል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። በየዓመቱ ሲደግስ የማይጠራው ሰው የለም፤ ሥጋውንም ለሁሉም እኩል ያስወጣል። ክርስቲያኖቹ ለጉርብትናው ሲሉ ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ጠጥተው መርቀው ይወጣሉ። እሱም ያልተነካውን ሥጋ እያየ ይከፋዋል። እነዚህ ሰዎች ኩራተኞች ናቸው ይላል። አጠገቡ ያሉትም፣ ሆዳቸው ትንሽ ነው እያሉ ይስቃሉ።

በመጨረሻ ልጁን ሊድር ሲል፣ ካልበሉልኝ አልጠራቸውም ብሎ ተናገረ። በዚያ አገር ለሠርግ ያልተጠራ ጎረቤት ለቀብርም አይመጣም። መንደሩ ሊከፈል ነበር።

ይህን አንዲት ክርስቲያን ባልቴት ሰማች። ለልጅ ልጇ ክርስትና ደግሳ ሀብታሙን ጠራችው። ነጭ ለብሶ መጣ። ከሁሉም በላይ አስቀመጠችው፤ የእሷ ወገኖች ካረዱት መርጣ ጎድኑን ፊቱ አቀረበችለት።

«ይብሉ እንጂ አያ» አለችው።

ጎድኑን አየ፣ እሷን አየ።

«ሥጋ ነው። ለሁሉም ከአንድ ድስት ነው ያወጣሁት።»

እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ዙሪያውን ሰው ይበላል፣ ይጫወታል። ከማዶ አንድ ቀልደኛ፣ «ኩራት ይሆናል፤ ወይም ሆዳቸው ትንሽ ነው» አለ፤ ቤቱ ሳቀ። ሀብታሙ ግንባሩን አላበው። ሊወጣ ሲነሳ ባልቴቷ በሩ ላይ ቆመችበት። ጭንቅላቷ ደረቱ አይደርስም።

«ራበዎት?»

«ራበኝ።»

«እኛንም ይርበን ነበር» አለችው።

ከዚያ ከጓሮ ሌላ ድስት አስመጣች። ፍየል ነው፤ ያረደውም ያንኑ ቀን ጠዋት የሀብታሙ የራሱ ወንድም ነው። «ሳይመጡ ነው የተሠራው። ትንሽ ይራብዎት ብዬ አቆየሁት» አለችው። ተቀምጦ በላ። ሠርጉ ሲደርስም ማንንም ሳይልክ ራሱ ደጇ መጣና፣ ለእናንተ ማን ይረድልኝ ብሎ ጠየቃት።

ቲቸር፣ እኔ ሙስሊም ሆኜ ሀብታሙንም ሙስሊም ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። እርስዎ ክርስቲያን ስለሆኑ፣ ለአንድ አፍታ ከተራቡት ጋር እንዲቀመጡልኝ ብዬ ነው። ሀብታሙ ግን እርስዎ ነዎት፤ ክፍሉም ድግስዎ ነው። ሁላችንንም ጠርተውናል። እኩል ሰጥተውናል። የሚያቀርቡት ግን ከአንድ ድስት ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ከሰው ሲገናኝ በመጀመሪያ ዳጉ ይጠያየቃል። ከየት መጣሽ፣ ዝናብ ጥሏል ወይ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ፤ ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ትነግርሻለች፣ አንቺም ትነግሪያታለሽ። ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው። አንደኛ ክፍል እያለሁ ጓደኛዬ አርፍዳ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀስ ብዬ ዳጉ ጠየቅኳት። የዚያን ጊዜው አስተማሪ ረባሽ ብሎ ሁለታችንንም አንበረከከን። ምን እንደምናወራ አልጠየቀንም። ልጆቹም የቋንቋችንን ድምፅ እያስመሰሉ እስከ ደወል ሳቁብን። አስተማሪው እርስዎ አልነበሩም። ግን ከዚያም ወዲህ ቢሆን፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ፣ ለምን ዝም አልሽ ያለኝ የለም። እርስዎም የጠየቁኝ ካርዴን ይዤ ልወጣ ስል ነው።

በመስከረም እርስዎ አንደኛ ክፍልን እንደሚይዙ ሰምቻለሁ፤ ታናሽ እህቴ ዘህራ እርስዎ ክፍል ትገባለች። ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም፤ ፍየሎቹን እንኳን ዳጉ ትጠይቃለች። ጠዋት ስትገባ ምን አየሽ፣ ምን ሰማሽ ይበሏት። ቁጥርን መጀመሪያ በአፋርኛ ብትቆጥር ቆጠረች ይበሉላት። እንደ እኔ ካደረጓት ግን እጇን ይዤ አስወጣታለሁ። ዓይን አፋር መሆኔን ያውቃሉ። ያን ቀን ግን ክፍሉ ሁሉ እያየኝ ገብቼ አስወጣታለሁ።

አንድ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። እርስዎ ጥያቄ ጠይቀው ክፍሉ በሙሉ መልሱ ሲጠፋው፣ እኔ አውቀው ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ በአፋርኛ እመልስልዎት ነበር። ሁልጊዜ። እኔ አንድም ቀን ዝም ብዬ አላውቅም።