ጋሽ ዘርይሁን እንዴት ተቀመጡ

ስሙኝማ፤ ጋሽ ዘርይሁን መቀመጥ ፈለጉ። ሌላ ምንም አልፈለጉም። ግን ከሌሎች ጋር ሽማግሌ ሆነው ተልከው ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት፤ ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ሶፋው ፊት ለፊታቸው ነው፣ እሳቸው ቆመዋል።

«አቶ መንገሻ፣ ልጅዎን ለልጃችን ለናሁሰናይ ይስጡንና እንቀመጥ» አሉ።

«ምንትዋብን ፊት ለፊት ሳልጠይቅ እሺ አልልም» አሉ አባትየው። «ከሥራ ትምጣ።»

ተደወለላት። «አባዬ፣ ፕሮግራሙ ሳይገጣጠም መውጣት አልችልም» አለች። ነገ ጠዋት ለሚከፈት ክሊኒክ የበሽተኛ ተራ የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ መድረስ አለበት። እንግዲህ ምንትዋብ አትመጣም፣ አባት እሺ አይሉም፣ ጋሽ ዘርይሁን አይቀመጡም።

ምንትዋብ ገጣጣሚውን አዘዘችው። ገጣጣሚው ኮምፒውተሯ ውስጥ የፕሮግራም ቁርጥራጭ ሰብስቦ አንድ የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ ታማኝ ነው፣ ግን ድርቅ ያለ።

«አልገጣጥምም» አለ። «ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ገና እየሠራ ነው። እሱ ሳይዘጋ አልጀምርም።»

«እሱኮ መሞከሪያ ነው። ሰው ሐሳቡን ጫር ጫር የሚያደርግበት። የፕሮግራሙ አካል አይደለም።»

«ፎልደሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ለእኔ ያው ነው።»

መሞከሪያውን ለመነችው። «አልዘጋም» አለ እሱም። «ጥያቄ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነው። የይለፍ ቃሉን አስገቢ።» ቃሉን የሚያውቀው የከፈተው ሰው ነው። የከፈተው ደግሞ አጠገቧ የሚሠራው ናሁሰናይ ራሱ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ፋይሉን እንደከፈተ ጥሎት ወጥቷል። በግድ ብታቆመው ልፋቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ገና ሳይጋቡ ይህን ልታደርግበት አልፈለገችም። እንግዲህ መሞከሪያው አይዘጋም፣ ገጣጣሚው አይገጣጥምም፣ ምንትዋብ አትመጣም፣ አባት እሺ አይሉም፣ ጋሽ ዘርይሁን አይቀመጡም።

ሽማግሌዎቹ ደክሟቸው ቢመለሱስ ብላ ፈራች። ናሁሰናይን ትወደዋለች። ደወለችለት።

«ቃሉ ጠፋብኝ ምንትዬ» አለ። «ከጭንቀት የተነሣ የራሴም ስም ሊጠፋብኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ሲባል ካልሰማሁ ምንም አይታወሰኝም።»

እንግዲህ ናሁሰናይ አያስታውስም፣ መሞከሪያው አይዘጋም፣ ገጣጣሚው አይገጣጥምም፣ ምንትዋብ አትመጣም፣ አባት እሺ አይሉም፣ ጋሽ ዘርይሁን አይቀመጡም፤ እሳቸው ካልተቀመጡ ደግሞ ናሁሰናይ አያስታውስም። ሳወራው እኔንም ጉልበቴን አመመኝ።

የምንትዋብ እናት ወይዘሮ አሰገደች አንጀታቸው አልችል አለ። ከጓዳ ዱካ አምጥተው ከጋሽ ዘርይሁን ኋላ አስቀመጡ።

«ይሄ አይቆጠርም» አሉ እናትየው። «እንግዳ የሚቀመጠው ሶፋው ላይ ነው። ዱካ ላይ ያለ ሰው እንደቆመ ነው።»

ጋሽ ዘርይሁን ወጉን አሰቡ፣ ጉልበታቸውን አሰቡ፣ ቁጭ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወዲያው ለናሁሰናይ «ተቀምጠዋል» ብሎ ጻፈለት።

ናሁሰናይ አስታወሰ። «ሽሮ!» አለ ለምንትዋብ ደውሎ። «ቃሉን ባወጣሁ ቀን የበላሁት ሽሮ ነበር።» ምንትዋብ ቃሉን ጻፈች፣ መሞከሪያው ተዘጋ፣ ገጣጣሚው ገጣጠመ፣ ፕሮግራሙ ክሊኒኩ ደረሰ። ቦርሳዋን ይዛ ከመሮጧ በፊት ግን ገጣጣሚውን አንድ ነገር አዘዘችው።

«ከእንግዲህ መሞከሪያ ስታይ፣ እኔ በስሙ ጠርቼ ካላዘዝኩህ በቀር ዝም ብለህ እለፈው። አይቆጠርም።»

«እንዲህ ተብሎ ቀድሞ ቢነገረኝ ምን ነበረበት» አለ ገጣጣሚው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሁሉም እየሰሙ ጠየቋት። «ልጄ፣ ናሁሰናይን ትፈልጊዋለሽ?»

«የከፈተውን እየዘጋ የሚሄድ ከሆነ፣ አዎ።»

«እሱን ቀስ እያልሽ ታስለምጂዋለሽ» አሉ እናቷ።

«እሺ» አሉ አባት። ጋሽ ዘርይሁን በወጉ ይቀመጡ ዘንድ ከዱካው በመከራ ተነሡ፤ ከዚያም ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

የእኔ ጨዋታ ይኸው ነው፤ ቆማችሁ የሰማችሁ ተቀመጡ።