በሸማኔው እግር ስር

ሰው ተረት ጠቅሶ ነገሩን ሲቋጭ፣ የሚሰማው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል እንጂ “ይህን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነበር? ምንስ አግኝቶት?” ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በይፋት በኩል ስለ አደራ የሚነገር አንድ አባባል አለ። እኔ ታሪኩን የሰማሁት ከአንድ ሸማኔ የልጅ ልጅ ነው፤ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተማሪ በሬዲዮ ሲናገሩ፣ የጥንት የግሪክ ጠቢባን “ወዳጅህ በጤናው ቀን መሣሪያ አደራ ሰጥቶህ፣ አብዶ መጥቶ ቢጠይቅህ ትመልስለታለህ ወይ?” እያሉ ይከራከሩ እንደነበር ሰማሁ። እግዚአብሔር ይህችን ጥያቄ ለእነሱ ብቻ አልሰጣትም አልኩ በልቤ። ደርብ ለሚባል ሸማኔም ደርሳዋለችና፤ ያውም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ እንደሰደደ።

የአገራችን ሸማኔ ዕቃውን የሚዘረጋው ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። ደርብም ጎርፌ በምትባል መንደር እንዲህ ሲኖር፣ ሴቱ ሁሉ የፈተለውን ፈትል ያመጣለታል። ሲሰጡትም ምስክር የሚጠራ የለም። ደርብ ነዋ! አንዲት ክር አትጎድልበትም። እንጀራው ከእጁ ይልቅ በስሙ ላይ ነበር።

ጎረቤቱ ጓንጉል ጉልበቱን አሞት ጠበል ሊቀመጥ ሲነሳ፣ ምንሽር ጠመንጃውን ከአምስት ጥይት ጋር ይዞ መጣ። ሚስቱ ሞታበት ቤቱ ባዶ ነው። ያን ቀን ሰላምታው አያልቅም ነበር፤ “ላሚቱስ ደህና ናት? ጥጃውስ?” እያለ በረቱ ድረስ ጠየቀ። ከዚያ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩትን ሼህ አደምን ምስክር አድርጎ ጠመንጃውን በሁለት እጁ አቀረበ።

“ደርብ፣ አደራህን። በጠየቅሁህ ቀን ትሰጠኛለህ። ለምን አትለኝም።”

“ምን ቆርጦኝ ለምን እልሃለሁ? የራስህ ዕቃ አይደለም እንዴ! ሥላሴን፣ ለምን አልልህም።”

ሼህ አደም “በቃላችሁ ያጽናችሁ” ብለው መረቁ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው፣ “ደርብ፣ መሐላህ ትንሽ ፈጠነች” አሉት። ደርብ ሳቀ። ምንሽሩን በቆዳ ጠቅልሎ ከጉድጓዱ ወለል፣ ከሳንቃ ስር አኖረው።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስትል፣ ጓንጉል በሩን ገፍቶ ገባ። ኩታው ከትከሻው ወርዶ መሬት ይጎትታል። ግቢው ውስጥ ደርብና ሚስቱ ዘርፌ፣ ፈትል ይዘው የመጡ ሁለት ሦስት ሴቶችም ነበሩ። ጓንጉል ማንንም ሰላም አላለም።

“አምጣ።”

“ጓንጉል! እንኳን በደህና—”

“ጠመንጃዬን አምጣ አልኩህ! እንግዳሸት ከገበያ ሲመለስ በዚህ ነው የሚያልፈው።”

እንግዳሸት ታናሽ ወንድሙ ነው። ነገሩ ለሁሉም ገባቸው። ጓንጉል ጠበል ሳለ እንግዳሸት ድንበር ገፍቶ አርሷል፤ አባታቸው ለምልክት የተከሉትን ወይራም ቆርጦ ጥሎታል። ወሬው መንደሩን ካዳረሰ ሰንብቷል፤ ጓንጉል ግን ያወቀው ዛሬ ጠዋት ማሳው ላይ ሲቆም ነው።

ደርብ እጁ መወርወሪያው ላይ ደርቆ ቀረ። ለምን እንዳይል ምሏል። ቢልስ? መልሱ ሰውየው ፊት ላይ ተጽፏል።

ዘርፌ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ “ተሰረቀ በለው። እግዜር ይቅር ይላል” አለችው።

“ዛሬ ብዋሽ ነገ ማን ያምነኛል? ይልቅ ሩጪ፣ ሼህ አደምን ጥሪልኝ።” ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። “ጓንጉል፣ በምስክር ፊት የተቀበልኩትን በምስክር ፊት እመልሳለሁ። የአገሩ ደንብ ነው።”

“ምስክር አልፈለግሁም! የት ነው ያለው?”

“እግሬ ስር።”

ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ሸሹ።

“ውጣ ከዚያ!”

“ሼሁ ይምጡ።”

“እሳቸው እስኪመጡ ያ ከሃዲ ያልፋል! አንተ የጉድጓድ አይጥ! ክር ስትቆጥር የኖርክ! ለምን አልልም ብለህ አልማልክም?”

“ለምን አልኩህ እንዴ? አላልኩህም። ምስክሩ ይምጡ ነው ያልኩህ።”

ጓንጉል ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ። ደርብ ዓይኑን ጨፈነ። ቢላዋው ግን አንገቱን ትቶ ድሩ ላይ አረፈ። ተወጥሮ የነበረው ድር ጧ ብሎ ተበጠሰ፤ የአንዲት ሙሽራ ኩታ ነበር፣ የሳምንታት ልፋት። ክሩ ጉልበቱ ላይ እንደ ፀጉር ተዘረገፈ። ደርብ አየው፤ እግሩን ግን ከሳንቃው ላይ አላነሳም።

“ስሙልኝ የጎርፌ ሰዎች!” አለ ጓንጉል። “ደርብ አደራ በላ! አደራ በላ!”

በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስም የለም። ገዳይ እንኳ ደም አድርቆ ይታረቃል፤ አደራ በላ ግን የልጅ ልጁ ሳይቀር ይሰደብበታል። የመንደሩ ሰው እየሮጠ ግቢው ውስጥ ገባ።

“የሰውየውን ንብረት ስጠው እንጂ! አንተ ምን አገባህ?” አለ አንዱ።

ፈትል ካመጡት ሴቶች አንዷ፣ እትዬ ብርነሽ፣ ከግድግዳው ስር ያኖረችውን እንቅብ አነሳች። “እንግዲህ እኔም የራሴን ልውሰድ” አለች፣ ፊቱን ሳታይ።

ደርብን ከቢላዋው ይልቅ ይህ ቆረጠው። “ውሰጂ፣ እትዬ ብርነሽ” አለ። “አንቺ ፈትልሽን ለልብስ ነው የምትፈልጊው።”

ያኔ ከታች በኩል የአህያ ኮቴ ተሰማ። አንድ ሰው እያንጎራጎረ ይመጣል። ጓንጉል በቢላዋ እንዳይሄድበት ጉልበቱ ገና አልዳነም፤ እንግዳሸት ደግሞ ዱላ የማይለየው ጠንካራ ሰው ነው። ጓንጉል ተወርውሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቀና ደርብን በትከሻው ይዞ ወደ ላይ ጎተተው። ደርብ የዕቃውን ቋሚ እንጨት በሁለት እጁ አቀፈ። አንድም ሰው አልገላገለም። ኮቴው ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ደረሰ።

“እንደምን ዋላችሁ፣ እነ ደርብ!” አለ እንግዳሸት ከውጭ። “ምነው መወርወሪያው ዛሬ ዝም አለ?”

ደርብ የጓንጉል ክርን ደረቱን እንደተጫነው፣ “ደህና ዋልክ። ድሩ ተበጥሶብኝ ነው” አለ።

“እግዜር ይቀጥልልህ!”

ኮቴው ራቀ፣ ጠፋ። የጓንጉል እጅ ላላ።

ዘርፌ ሼህ አደምን ከፊት አስቀድማ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ሼሁ ስለ ጠመንጃው አልጠየቁም። ቢላዋውን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ጠረጉ።

“ጓንጉል፣ እንደምን ዋልክ?”

ዝም።

“ጠበሉስ እንዴት ነበር? ጉልበትህ ተሻለህ?”

ሼሁ መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨረሱ።

“ልጄ፣ እንደምን ዋልክ ነው ያልኩህ።”

ጓንጉል ወደ እጁ አየ። ቢላዋው እጁ ላይ መኖሩን ያየው ያኔ ይመስላል፤ መሬት ጣለው።

“ደህና… እግዚአብሔር ይመስገን” አለና ባለበት ተቀመጠ። “ወይራውን ቆረጠው፣ ሼህ አደም። አባቴ የተከለውን!”

“ሰምቻለሁ። ያስቆጣል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ድንበርህም ይመለሳል። እኔም እኖራለሁ።”

ደርብ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ሳንቃውን አነሳ። ምንሽሩን ከነቆዳው፣ ከነጥይቱ፣ በሁለት እጁ አቀረበ።

“ይኸው ወንድሜ፣ አደራህ። ምስክሩም መጥተዋል።”

ጓንጉል ጠመንጃውን አየ። የተበጠሰውን ድር አየ። እጁን አልዘረጋም።

“ሽምግልናው እስኪያልቅ ይቆይልኝ” አለ። ቆይቶም፣ ቀና ሳይል፣ “ላሚቱስ… ደህና ናት?”

እትዬ ብርነሽ እንቅቧን እንዳቀፈች ቆማ ነበር። “እንግዲህ ይፍረዱልን፣ ሼህ አደም! ይህ ሰው አደራ በላ ወይስ አልበላም? ባለቤቱ ሲጠይቀው እኮ ከልክሏል!”

“ባለቤቱ ገና አሁን መምጣቱ ነው” አሉ ሼሁ፤ እንቅቡንም ከእጇ ተቀብለው ወደ ነበረበት ወደ ግድግዳው ስር እየመለሱ፣ “አደራ ለባለቤቱ እንጂ ለቁጣው አይመለስም” አሉ።