ቁልቁለት የለመደችው መኪና

አንድ ጊዜ አህያ የመኪናዋን ቁልፍ ቢያዞር ቢያዞር ሞተሩ እምቢ አለው። ቦታው ደግሞ ክፉ ነበር፤ የሸለቆው ግርጌ፣ ምንጩ አጠገብ። በርሜሎቹ ውሃ ተሞልተዋል፤ ዳገቱ ላይ ጥጆችና ግልገሎች ጉሮሯቸው ደርቆ ይጠብቃሉ።

አህያ ይህችን አሮጌ ፒክአፕ ማታ ማታ ቁልቁለት ላይ ነበር የሚያቆማት። ጠዋት ለቀቅ ሲያደርጋት ተንደርድራ ትነሳለች። በቁልፍ ለምን እንደማትነሳ ጠይቆ አያውቅም። ምንጩ ጋ ሲደርስም ሞተሩን አያጠፋም ነበር፤ ዛሬ ግን በራሷ ጠፋች።

«ግፋ እንጂ፣ አያ ጅቦ» አለች አብራ የተሳፈረችው ቀበሮ።

ረዳቱ ጅብ ዳገቱን ቀና ብሎ አየ። «ይህን? እስቲ አንቺ ውረጂና አሳዪኝ፣ እሜቴ። ካምቢዮው ነው የሞተው። ሰሞኑን ከስር ቋ ቋ ትል የለ? እናውርደው።»

ቀበሮ የወንበሩን ቆዳ ደባበሰች፤ ለጉድጓዷ ምንጣፍ እንዲሆናት አምሯታል። «ምን አደከማችሁ፣ አልቆላታል። እዚሁ ተዋት፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ። ውሃውን ለመሸከም እንደሆነ ጀርባህ አለልህ፣ ጋሼ።»

አህያን የድሮው የጭነት ጠባሳ በላው።

«እስቲ ዝም በሉ» አለ።

መብራቱን አብርቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለና መብራቱ ድርግም አለ።

«የባትሪው ኃይል መንገድ ላይ እየቀረ ነው» አለ አህያ። ኮፈኑን ሲከፍት የባትሪው ማሰሪያ ነጭ ዝገት ለብሶ ላልቷል። በድንጋይ ስለት ፍቆ አጠበቀው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሳ።

ገና ማርሽ አስገብቶ ሲነቃነቅ ከስር ቋ አለች። ቆሞ፣ ማርሹን አውጥቶ ነዳጅ ሰጣት፤ ቋ የሚል ድምፅ የለም። ሞተሩን አጠፋ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምነው አጠፋሃት?» አለ ጅብ ደንግጦ።

«ትነሳለች። ቋ የምትለው ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ከስር ግባና ጎማውን የሚያዞረውን ያን ረጅም ዘንግ ነቅንቀው።»

ጅብ ከስር ገብቶ ነቀነቀው። የዘንጉ መገጣጠሚያ፣ ክሮቼራው ጋ ቋ፣ ቋ አለ።

«ለዚህ ግራሶ ቅባት የሰጠኸው መቼ ነው?» አለ አህያ።

ጅብ ከስር አልወጣም። «ልሰጠው ነበር። ከግራሶው ጣሳ እስከ ዘንጉ ድረስ መንገዱ ረዘመብኝና… ላስኩት።»

ቀበሮ ሳቀች፤ አህያ አልሳቀም። «የተረፈ የለም?»

«ከወንበሩ ስር ያለው ጣሳ ጥግ ላይ፣ ምላሴ ያልደረሰበት።»

ያንኑ ለክሮቼራው ሰጡት። መኪናዋ በቁልፍ ተነሳች፤ ዳገቱንም ቀስ እያለች፣ ቋ ሳትል ወጣችው። ጥጆቹ በርሜሎቹን ከበቡ።

እነሱ ሲጠጡ ጅብ ቆሞ የሆነውን ሁሉ፣ የላሰውን ግራሶ ሳይቀር፣ አወራላቸው። አሮጊቷ ላም ሰምታ ወደ አህያ ተጠጋች።

«እስቲ ልጄ፣ የእኔንም ጉልበት አዳምጥልኝ» አለችው። «ስነሳ ቋ ይላል።»

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመን ነገር አልቆለታል ብለን ከመጣላችን በፊት ዝም ብለን ብናዳምጠው መዳኛውን ራሱ እንደሚያመለክተን ነው።