የአያ መንበሩ ጣሪያ

"ለእንግዳ ዓይን የከደኑት" የምትለዋን አባባል ስትናገሩ ትስቃላችሁ። ሳቁ! የሸዋርካብሽን መጨረሻ ያየ ሰው ግን አይስቅባትም።

ነገሩ የሆነው መንዝ ነው፤ ጉሙ ከደጃፍ የማይለቅበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር አገር። የአያ መንበሩ ቤት ጣሪያ ከምድጃው በላይ ጎድጉዶ ነበር። ውሃ እየሰረገ ክዳኑን የሚሸከሙትን ወራጆች አበስብሷቸዋል። ሚስቱ ሸዋርካብሽ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ "ኧረ ይህን ቤት ሥራልኝ፣ አንድ ቀን ይጫነናል" እያለች ትለምነዋለች። "ክረምቱ ይውጣ" ይላታል። ሲወጣ ደግሞ ይረሳዋል።

ኋላ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ ሲባል ሰውዬው ባነነ! ሰኔ መግቢያ ላይ ደቦ ጠራ፤ ጎረቤቱም የጓሳ ሣር ተሸክሞ መጣ። ቤት ከዳኙ አባ ውብእሸት ጣሪያው ላይ ወጥተው እንጨቱን ዳበሱት።

"መንበሩ፣ አሮጌው ክዳን ተገፎ ወራጁ ይቀየር። በጣት ይፈረፈራል እኮ!"

"ምን? አማቾቼ ነገ መጥተው ቤቴን ራቁቱን ያግኙት? ጎድጓዳውን በጓሳ ሙሉልኝ፣ ይስተካከል።"

"ልጄ፣ ሸክም ነው የምትጨምርበት።"

"ቤቱ የኔ ነው፣ አባ!"

አባ ውብእሸት እጃቸውን አራግፈው ወረዱ። የቀረው ሰው እንዳዘዘው ሞላለት።

ሸዋርካብሽ ከታች ሆና ሰምታለች። "ለኔ ስንት ዓመት እምቢ ያልከውን ለነሱ በአንድ ቀን? ያውም በውሸት?" አለችው።

"ዝም በይ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ!"

በማግስቱ እንግዶቹ ደጅ ቆመው፣ "እሰይ፣ ቤት ማለት ይህ ነው!" አሉ። መንበሩም ደረቱን ነፋ። ገብተው በሩ አጠገብ መደብ ላይ እንደተቀመጡ ዝናቡ መጣ፤ በረዶም ተከተለ። ጓሳው ውሃውን ጠጥቶ፣ በረዶውን ታቅፎ ከበደ። ሸዋርካብሽ ለእንግዶቹ ወጥ ልታወጣ ምድጃው ላይ ጎንበስ እንዳለች ወራጁ ጓ! ብሎ ተሰበረ። እንግዶቹ ዘለው ወጡ። እሷ አልወጣችም።

ጩኸቱን ሰምቶ ከአባ ውብእሸት ጋር የደረሰው ጎረቤት እርጥቡን ጓሳ በእጁ እየቧጠጠ ሲያወጣት ነፍሷ የለችም። መንበሩ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ "ወይኔ! አባ፣ ነግረውኝ ነበር እኮ!" እያለ ደረቱን መታ።

አባ ውብእሸት አላጽናኑትም። "የነገረችህ እሷ ነበረች" አሉት። ከዚያ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ዙሪያውን ወደቆመው ሰው ዞሩና፣ "ለእንግዳ ዓይን የከደኑት፣ የቤቱን ሰው ቀበሩበት" አሉ።